ከናይሮቢ የሚመጣው ጠርሙስ
ክብደት ለመቀነስና ጡንቻ ለማውጣት ያለ ሐኪም ስለሚወሰዱ ነገሮች በካምፑ ሬድዮ የተላለፈ የጤና ንግግር

 

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ስለ ስፖርተኞች ነው። ስፖርተኛ ስንል በቴሌቪዥን የምናያቸውን ታላላቅ ሯጮች ማለታችን አይደለም። ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ በካምፑ መንገድ ላይ የሚሮጡትን፣ ከሰዓት በኋላ ኳስ የሚጫወቱትን፣ በቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው ክብደት የሚያነሱትን ወጣቶቻችንን፣ እንዲሁም ናይሮቢ ሄደው ኢስሊ ውስጥ ጂም የሚገቡትን ወንድሞችና እህቶቻችንን ማለታችን ነው። በንግግሩ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፖርት ለጤና ጥሩ ነው። ለእኛ ደግሞ ከጤናም ያለፈ ነገር አለው። በ2016 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የስደተኞች ቡድን ሲሰለፍ ከ10ሩ ስፖርተኞች አምስቱ በካኩማ ካምፕ የኖሩ የደቡብ ሱዳን ሯጮች ነበሩ። ናይሮቢ አጠገብ በምትገኘው በንጎንግ፣ በታዋቂዋ ሯጭ በቴግላ ሎሩፔ ማሠልጠኛ ተለማምደው ነው የሄዱት። በዚያው ቡድን ውስጥ የእኛው አገር ልጅ ዮናስ ክንዴ ነበረ። በሉክሰምበርግ በስደት ይኖር የነበረ ሲሆን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ በእግሩ ፍጥነት ከዚህ እወጣለሁ ብሎ የማያስብ ወጣት ጥቂት ነው። ማሰቡም ነውር የለበትም።

ችግሩ ተስፋ ባለበት ቦታ ሁሉ ሻጭ መኖሩ ነው። ከናይሮቢ በአውቶቡስ በሚላክ ዕቃ ውስጥ፣ በዘመድ ሻንጣ፣ ወይም በስልክ ታዝዞ ጠርሙሱ ይመጣል። በላዩ ላይ ጡንቻው የተወጠረ ሰው ሥዕል አለ፤ ጽሑፉ ባዕድ ቋንቋ ነው። «ስብ ያቃጥላል»፣ «ኃይል ይሰጣል»፣ «በአንድ ወር ሰውነት ያወጣል» ይባላል። ሻጩ ሐኪም አይደለም፤ ገዢውም የደም ግፊት ይኑረው አይኑረው፣ ኩላሊቱ ደህና ይሁን አይሁን አልተመረመረም። ከገዢው ጓደኛም አንድ ማንኪያ ተካፍሎ የሚወስድ አለ።

በመጀመሪያ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር በላዩ ላይ የተጻፈው ነው ወይ? በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. በጀርመን አገር የኮሎኝ ስፖርት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ13 አገሮች 634 ዓይነት የስፖርተኞች ማሟያ ገዝተው በላቦራቶሪ መረመሩ። በ94ቱ ውስጥ በላያቸው ላይ ፈጽሞ ያልተጻፈ፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ወንድ ሆርሞንነት የሚለወጥ ንጥረ ነገር ተገኘ። ከመቶ ወደ 15 የሚጠጋ ማለት ነው። እነዚህ የተገዙት ሕጉ ጠበቅ ባለባቸው አገሮች ጭምር ነው። ማንም ሳይቆጣጠረው በሦስትና በአራት እጅ አልፎ እዚህ የሚደርሰውን እናንተው ገምቱት።

በ2012 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት የ30 ዓመት ሴት ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ ትሮጥ ነበር። ሙያዋ ሩጫ አልነበረም፤ እንደ ብዙዎቻችን ትርፍ ሰዓቷን የምትሮጥ ናት። የሚጠጣ ውኃዋ ውስጥ ኃይል ይሰጣል የተባለ ዱቄት ጨምራ ነበር። ሊያልቅ አንድ ማይል ያህል ሲቀራት ወደቀች፤ ሞተች። በ2013 ዓ.ም. ጉዳዩን የመረመረው ባለሥልጣን ዱቄቱ ውስጥ የነበረው ዲ ኤም ኤ ኤ የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ከከባዱ ሩጫ ጋር ተደምሮ ልቧን እንዳቆመው ወሰነ። ያ ዱቄት በድብቅ የተሸጠ መርዝ አልነበረም፤ ከሱቅ የሚገዛ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የደም ሥርን ያጠባል፣ ልብን ያስሮጣል። ሯጩ በሩጫው ምክንያት ልቡ ቀድሞውኑ በኃይል እየመታ ነው። ሙቀቱ ሲጨመርበት ደግሞ ልብ የሚያርፍበት ጊዜ አያገኝም። እኛ የምንኖረው ደግሞ በቱርካና ሙቀት ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ዱቄቶች ብዙዎቹ ካፌይን አለባቸው። ካፌይን ማለት ቡናችን ውስጥ ያለው ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ስንጠጣው ኖረን የሞተብን የለም። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዳስታወቀው አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ የካፌይን ዱቄት 28 ስኒ ቡና ያህል ይሆናል፤ ያውም የፈረንጅ ትልቁ ስኒ ነው እንጂ የእኛ ሲኒ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በዚያው አገር ሁለት ወጣቶች እንዲህ ያለ ዱቄት ወስደው ሞተዋል። በዚህ ላይ ጫት፣ የኬንያ ሰዎች ሚራ የሚሉት፣ ሲታከል ነገሩ ይብሳል። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። ከመሮጡ በፊት ጫት ቅሞ፣ ኃይል ሰጪ መጠጥ ጠጥቶ፣ ቁርስ ሳይበላ የሚወጣ ልጅ ብርታት የተሰማው ይመስለዋል። በውድድር ቀን ደግሞ በጫት ውስጥ ያለው ካቲን የተባለው ንጥረ ነገር ከተወሰነ መጠን በላይ በሽንት ውስጥ ከተገኘ የተከለከለ ነው።

«ስብ ማቃጠያ» ከሚባሉት አንዱን በስሙ ልጥራው፤ ዲ ኤን ፒ ይባላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈንጂ ለመሥራት ያገለግል የነበረ ኬሚካል ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት ለማክሳት ተብሎ ተሸጠ፤ ሰው ገደለ፣ የዓይን ሞራም አመጣ፤ በ1938 ዓ.ም. አሜሪካኖች ለሰው የማይሆን አደገኛ ነገር ነው ብለው አወገዙት። እስከ ዛሬ ግን ተደብቆ ይሸጣል፤ በአውሮፓም ወጣቶችን ገድሏል። ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ኃይል ወደ ሙቀት እንዲለውጥ ስለሚያደርግ ሰውየው ከውስጥ ይቃጠላል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም።

አሁን ደግሞ ወደ ኬሚስት እንግባ። ናይሮቢ ውስጥ ያለ ሐኪም ወረቀት መርፌና ክኒን የሚሸጥ መድኃኒት ቤት መፈለግ አድካሚ አይደለም። ትራያምሲኖሎን የሚባል መርፌ አለ። በቦታው ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ሐኪም ላበጠ መገጣጠሚያ ያዝዘዋል። ሯጮች ግን ጉልበት ሳይቀንስ ክብደት ይጥላል ብለው ይወጉታል። በ2022 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስን ንጽሕና የሚከታተለው ክፍል፣ ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ 10 የኬንያ ሯጮች ላይ ይህ መድኃኒት መገኘቱን ይፋ አደረገ። በ2021 ዓ.ም. የቦስተንን ማራቶን በሴቶች ያሸነፈችው ዳያና ኪፕዮኬይ በዚህ ምክንያት ድሏን ተነጥቃ 6 ዓመት ታግዳለች። ስለ ቅጣቱ የጤና ሠራተኛ ብዙ አይናገርም። የሚያሳስበን ሌላው ነው፦ ይህ ዓይነት መድኃኒት አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳር ይጨምራል፣ ለበሽታ ያጋልጣል፣ ሰውነት በራሱ የሚያመነጨውን ሆርሞን ያስቆማል። እነዚያ ሯጮች አሠልጣኝ ነበራቸው፤ ቢታመሙ የሚታከሙበት ገንዘብም ነበራቸው። የእኛ ልጅ ያለው በጓደኛ እጅ የተወጋ መርፌ ብቻ ነው፤ መርፌውም ከሌላ ጋር የተጋሩት ከሆነ ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ ይጨመርበታል።

የዚሁ ዘመድ የሆነው ዴክሳሜታዞን ደግሞ በተቃራኒው «ሰውነት ይሞላል» ተብሎ በክኒን ይወሰዳል። ፊት ይሞላል፣ ጉንጭ ይወጣል፤ እውነት ነው። የሞላው ግን ውኃና ስብ ነው። ጡንቻውማ በዚሁ መድኃኒት እየሳሳ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ይህን ክኒን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ይህን ንግግር ሰምቶ ዛሬውኑ አውጥቶ እንዳይጥለው። በድንገት ሲያቆሙት ሰውነት ራሱን መደገፍ ያቅተውና ግፊት ወርዶ እስከ መውደቅ ሊያደርስ ይችላል። ክኒኑን ይዛችሁ ክሊኒክ ኑ፤ ጤና ሠራተኛው ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀነስ ይነግራችኋል።

ከጠርሙሱ ወጥተን ወደ ሳህኑ እንሂድ። በእኔ አስተያየት በካምፕ ውስጥ ከዱቄቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። እንደምታውቁት ራሽኑ በእነዚህ ዓመታት በተደጋጋሚ ተቀንሷል። ያንኑ ጥቂት ምግብ የሚበላ ወጣት በቀን 20 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ በዚያ ላይ «ቀላል ልሁን» ብሎ እራቱን ሲተው፣ ሰውነቱ ሒሳብ መሥራት ይጀምራል። ለሩጫው ካወጣ በኋላ የቀረው ኃይል ለልብ፣ ለአጥንት፣ ለደም የማይበቃ ሲሆን አንዳንዱን ሥራ ይዘጋል። ይህን የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ዓ.ም. ስም ሰጥቶ እንደ በሽታ እንዲታይ አድርጎታል፤ በስፖርተኞች ላይ የሚደርስ የኃይል እጥረት ነው።

በሴት ልጅ ላይ የመጀመሪያው ምልክት የወር አበባ መቅረት ነው። አንዳንድ አሠልጣኞች «ሩጫው ስለበረታ ነው፣ ደህና ነው» ይላሉ። ደህና አይደለም። የወር አበባዋ የቀረባት ልጅ አጥንቷ እንደ አሮጊት አጥንት ይሳሳል፤ አንድ ቀን ሳትወድቅ፣ ማንም ሳይመታት፣ የእግሯ አጥንት ይሰነጠቃል። እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ሦስት ወር ከቀረባት፣ ሳትቆጡና ሳትጠረጥሩ ይዛችኋት ኑ። ሌላ ምክንያት ካለም በምርመራ ይታወቃል። በወንዶች ላይ ምልክቱ ስውር ነው፤ ድካም የማይለቀው፣ ቁስሉ ቶሎ የማይድን፣ ብርድ ብርድ የሚለው፣ ሰዓቱ እየተሻሻለ መሄዱ ቀርቶ እየዘገየ የሚሄድ ልጅ ብዙ ጊዜ የጎደለው ልምምድ ሳይሆን እንጀራ ነው።

ቦክስና ቴኳንዶ የሚሠሩት ደግሞ ክብደት ለመግባት ውኃ ይተዋሉ፣ በሙቀት ውስጥ ወፍራም ልብስ ለብሰው ይሮጣሉ፣ ፉሮሴማይድ የተባለውን ሽንት የሚያበዛ ክኒን ይውጣሉ። በ1997 ዓ.ም. መጨረሻ በአሜሪካ አገር ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች በዚሁ መንገድ በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 22 ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የትግል ሕጉ የተለወጠው። በላብና በሽንት የሚወጣው ውኃ ብቻ ሳይሆን ልብ በሥርዓት እንዲመታ የሚያደርጉት ጨዎችም ጭምር ናቸው። ሚዛኑ ላይ የወረደው ስብ አይደለም፤ ውኃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል።

ይህን ሰምቶ ደግሞ ውኃ በጀሪካን የሚጠጣ አለ። እሱም ልክ የለሽ ከሆነ ይገድላል። በ2002 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ከሮጡት መካከል 488 ሰዎች ደማቸው ሲመረመር ከመቶ 13ቱ የደማቸው ጨው ከልክ በታች ወርዶ ተገኘ፤ በዚያው ውድድር አንዲት ወጣት ሯጭ በዚህ ምክንያት ሞታለች። ዋናው ምክንያት ከሚያልባቸው በላይ መጠጣታቸው ነው። ሲጠማችሁ ጠጡ። ረጅም ሩጫ ሮጣችሁ ብዙ ካላባችሁ ምግባችሁ ውስጥ ጨው ይኑር፤ ክሊኒክ የሚሰጠው ኦ አር ኤስም ይሆናል።

ስለ ጾም ይጠየቃል። ጾም የእምነት ጉዳይ ነውና እኔ የምለው የለኝም። የልምምዱን ሰዓት ግን ማዛወር ይቻላል፤ ከባዱን ሩጫ ከማፍረሻው ሰዓት አጠገብ አድርጉት፣ በጾም ወራት ርቀቱን ቀንሱ፣ ሲፈታ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው በዛ ይበል። የታመመ ሰው ደግሞ የንስሐ አባቱን ወይም ሼኩን ያማክር።

ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነዚህ ከክሊኒካችን ስለሚወጡ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። አንደኛው ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የአይረን ክኒን ነው። «ደም ይሞላል» ብሎ የሚስቱን ወይም የእህቱን ክኒን የሚውጥ ሯጭ አለ። በአንዱ ክኒን ውስጥ 60 ሚሊግራም ብረት አለ። ደም ያነሰው ሰው ይጠቀምበታል፤ ደሙ ሙሉ የሆነ ሰው ግን ትርፉን ብረት የሚያስወጣበት መንገድ ሰውነቱ የለውም፤ ጉበቱ ላይ ይከማቻል። ደም ማነስ መኖሩ ከጣት በምትወሰድ ጠብታ ይታወቃል፤ ምክንያቱ ወባ ወይም የሆድ ትል ከሆነም ብረቱ ብቻውን አያድነውም። ነፍሰ ጡሯም የእሷና የልጇ ድርሻ ጎደለባት ማለት ነው። ክኒኑን ከሕፃናት አርቁ፤ ከረሜላ መስሏቸው በርከት አድርገው ቢውጡ ይሞታሉ። በነገራችን ላይ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ይይዙታል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡ፤ ከምስሩ ጋር ቲማቲም ወይም ሎሚ ጨምሩ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም።

ሁለተኛው ፕላምፒ ነት ነው። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲሆን 500 ካሎሪ አለው፤ ለዚህ ነው ክብደት የሚያነሱ ልጆች ዓይናቸውን የሚጥሉበት። ያ ከረጢት ግን በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ነው። ገበያ ላይ ከተገኘ ከአንድ ሕፃን አፍ ወጥቶ ነው የመጣው። ስለዚህ አትግዙ።

እንግዲህ ምን እንብላ ትላላችሁ። በ2004 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ታላላቅ የኬንያ ሯጮች የሚበሉት ሲመዘን ከሚያገኙት ኃይል ሦስት አራተኛው የተገኘው እንደ ኡጋሊ፣ ሩዝ፣ ድንችና ባቄላ ካለው ሆድ ከሚሞላ ምግብ እንዲሁም ከስኳር ነው። በወተት ሻይ ነው የሚጠጡት። የአገራችን ሯጮችም በእንጀራና በፓስታ፣ በበሶና በአጥሚት ነው የሮጡት። በሶ ስንቅ ሆኖ የኖረ ምግብ ነው፤ ገብሱ ከተገኘ ማንኛውም ከናይሮቢ ከሚመጣ ዱቄት አያንስም። ገብስ ከጠፋ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር የተዘጋጀው የራሽን ዱቄት ጥሩ አጥሚት ይወጣዋል።

ስለ ፕሮቲን ፓውደር ደግሞ እውነቱን መናገር ይገባል። ንጹሑ ፓውደር መርዝ አይደለም፤ ከወተት የሚወጣ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በመጠኑ ቢወስደው አይጎዳውም። ክሬያቲንም እንዲሁ። ነገር ግን በአንድ ማንኪያ ፓውደር ውስጥ ያለው 25 ግራም ያህል ፕሮቲን ሦስት ብርጭቆ ወተት ውስጥም አለ፤ አንድ ስኒ የበሰለ ባቄላ 15 ግራም ያህል፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ይሰጣል። ለአንድ ጣሳ የሚከፈለው ገንዘብ ቤተሰቡን ስንት ቀን ባቄላ ያበላል? ይህን ሒሳብ ለእናቶች እተወዋለሁ፤ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከስፖርት በኋላ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ፣ ደረቱን የወጋው፣ ልቡ ተዘበራርቆ የመታ፣ ራሱን የሳተ ወይም ግራ ተጋብቶ የሚናገር፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይምጣ። ሲመጣ የሚወስደውን ነገር ጠርሙሱን፣ ክኒኑን፣ የመርፌውን ብልቃጥ ባዶም ቢሆን ይዞ ይምጣ። ብዙዎች ያፍራሉ፤ «ሐኪሙ ይቆጣኛል»፣ «ለፖሊስ ይነግርብኛል» ይላሉ። ጤና ሠራተኛ የታካሚውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ጠርሙሱን ካላየ ግን የሚያክመውን አያውቅም፤ የሚሰጠው መድኃኒት ከወሰዳችሁት ጋር ሊጣላ ይችላል። ገና ያልጀመራችሁም ብትሆኑ፣ ዘመድ ከናይሮቢ ልላክላችሁ ብሎ የጠየቃችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የዕቃውን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ወይም በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለጤና ሠራተኛ አሳዩ። ግፊት መለካትና የደም ማነስ ማየት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

አሠልጣኞችም በየወሩ ልጆቻችሁን በአንድ ሚዛን፣ በአንድ ሰዓት መዝኑና በደብተር ያዙ። ለማክሳት አይደለም፤ እየከሳ የሚሄደውን ቀድማችሁ እንድታዩት ነው።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይህ ነበር። በሚቀጥለው ዝግጅታችን በሕፃናት ተቅማጥ ላይ እንነጋገራለን።